አርባ አንደኛው

መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ መብራት ሲሄድ በሌሊት፣
ቀድሞ የሚጠፋው ብርሃን አይደለም፤ የማሽኑ ጩኸት።
ኦክስጅን ሰጪው ዝም አለ፤
የጓሳ ንፋስ ብቻ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ማፏጨቱን ቀጠለ።

"ጄኔሬተሩስ?" አልሁ።
"ናፍጣው ካለቀ ሦስት ቀኑ፤
ደብዳቤ ጽፈናል" አለኝ ዘበኛው፣
ሙሄ የጀውሃው፣ ብርድ ልብሱን ስቦ እስከ ዓይኑ።

አልጋው ላይ ሠላሳ ስምንት ቀኑ፣ የማንያህልሻል ልጅ፣
ክርስትና ያልተነሣ፣ ስሙ ገና በካህን እጅ።
አምቡላንሱ ደብረ ብርሃን ሄዷል፣ ሌላ ወላድ ይዞ፤
ስልኬም ኔትወርክ የለው፤ ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል ተያይዞ።

የቀረኝ የእጅ ፊኛ ነው። ጭምብሉን አፍንጫና አፉ ላይ ገጥሜ፣
ጨመቅሁ፤ ለቀቅሁ፤ ጨመቅሁ፤
ተንበርክኬ አይደለም፤ ቆሜ።

ተምሬዋለሁ፦ በደቂቃ አርባ።
ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ፤
ያኔ ግን በክፍሉ አልነበረም ብርድ፣ አልነበረም እንባ።
አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ... ቁጥሩ ከእጄ ሸሸ፤
ፍርሃት ሲገባ ሒሳብ ይወጣል፤
አንዴ አበዛሁ፣ አንዴ አሳነስሁ፣ መለኪያው ተበላሸ።

ያን ጊዜ ከጥግ፣ ከጨለማው፦
"እግዚኦ... እግዚኦ... እግዚኦ..."
ማንያህልሻል አልጮኸች፣ ደረቷን አልደቃች፤
በጣቷ አንጓ፣ ገብስ እንደሚሰፍር ሰው፣
ስሙን ብቻ ትቆጥራለች።

ለእሷ ልመና ነው። ለእኔ ግን፣ ልናገር እውነቱን፣
ምት ነበር።
እግዚኦ ስትል ጨመቅሁ፤ ዝም ስትል ለቀቅሁ፤
እጄ ያዘ መንገዱን።
አምስት ዓመቴ ነው ከተውሁት ቤተ ክርስቲያኑን፤
ተጣልቼ አይደለም፤ እንዲያው፣ እንደ ድሮ ወዳጅ፣
ሳልደውል ሳልደውል ረስቼው ቁጥሩን።

አርባ ላይ ደረሰች።
የእኔ መጽሐፍ እዚህ ያበቃል፤ ደቂቃው ሞላ።
እሷ ግን ጣቷን አጠፈችና
ጨመረች፣ አንድ ሌላ።
"እግዚኦ።"
አርባ አንድ።

ያችን አንዲት ትርፍ ምን እንደምላት አላውቅም።
በየትኛውም መመሪያ የለችም፤ ሳንባ አይጠይቃት፣ ሰዓት አይመዘግባት፤
ግን እሷ ላይ ስደርስ፣ ያለቀ ክንዴ እንደገና ይጀምራል፤
ዕዳውን ከፍሎ ሳንቲም ከኪሱ እንደተረፈችው ሰው፣
ልቤ ይቀልላል።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደነዘዝሁ። ሙሄ ብርድ ልብሱን ጥሎ መጣ፤
"አሳዪኝ" አለ፤ አሳየሁት፤
ከእሱ ከንፈር ደግሞ ሌላ ቁጥር ወጣ፦
"ሱብሃነላህ"፣ ሠላሳ ሦስት።
ማንያህልሻል ቀና ብላ አየችው፤ ቁጥራቸው አይገጥምም፤
አልተጠባበቁም፣ አልተከራከሩም፤
ልጁም በየትኛው እንደሚተነፍስ አልጠየቀም።
"ሦስቴ ሠላሳ ሦስት ዘጠና ዘጠኝ" አለኝ በኋላ፣ እጁን እያሻሸ፣
"መቶ የሚሞላው በአንዲት ነው።"
እሱም ጋ ትርፍ አለች!
በዚያ ሌሊት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ፤
ማሽኑ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ፤
ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤
የልጁ ከንፈር ደም አገኘና፣
እንደ ተበደለ ሰው ተቆጥቶ አለቀሰ።

ማን አዳነው አትበሉኝ።
ፊኛው ካላችሁ፣ ፊኛ ያለ እጅ ጎማ ነው።
እጅሽ ካላችሁ፣ እጄ ስንቴ ሊተው እንደነበር
የማውቀው እኔ ነኝ።
በማግስቱ ሌላ ክፍል፣ እንዲሁ እግዚኦ የተባለላት
አንዲት ልጅ ሞታለች፤
ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ነኝ። እዚህ ጄኔሬተሩ ይነሣል፤
መቆጣጠሪያው በአረንጓዴ ቁጥር ይቆጥርልኛል።
ተመልሻለሁ አልልም፤
ደጀ ሰላሙ ድረስ ሄጄ፣
ጫማዬን ሳላወልቅ የዞርሁበት እሑድ አለ።
ግን ሌሊት፣ ተረኛ ሆኜ፣ ማሽኑ አርባ ሲል፣
ጣቴ በጋዋኔ ኪስ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣
አንዴ ይታጠፋል።